ዝም ማለትን የሚማሩ ሽማግሌዎች

«በቃ፣ ገብቶኛል» አሉ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው። «አንቺ የቀለሙን ወጪ ትችያለሽ፤ አንቺ ደግሞ የቀረውን ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ትተይዋለሽ። ጎረቤት ናችሁ። ክፉ ቀን ሲመጣ ከዘመድ ቀድማችሁ የምትደራረሱት እናንተው ናችሁ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ክርክሩ ከተጀመረ አራት ደቂቃ አልሞላም።

ቦታው አዲስ አበባ፣ የአንድ ክፍለ ከተማ አዳራሽ ነው። ጸቡ የኮንዶሚኒየም ጸብ ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚንጠባጠበው ውሃ የሁለተኛ ፎቋን ሳሎን አበላሽቶታል። ሴቶቹ ግን ጎረቤታሞች አይደሉም፤ የአስታራቂነት ሥልጠና የሚወስዱ ሠልጣኞች ናቸው። በየእጃቸው አንዳንድ ገጽ ወረቀት ይዘዋል። የአንዷን ወረቀት ሌላዋ አላየችውም፤ ሽማግሌውም አላዩትም። በሥልጠናው ቋንቋ «ሮል ፕሌይ» ይባላል።

አሠልጣኟ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች የሕግ ባለሙያ ናት። ሽማግሌው ደግሞ ለብዙ ዓመታት የዕድር ዳኛ ሆነው ያገለገሉ፣ ስንቱን ጸብ ያበረዱ ሰው ናቸው። እንዴት አድርጋ እንደምታርማቸው ለማየት ሁሉም ጆሮውን ጣለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ታች ያለችው እህታችን ለምን እንደተቆጣች ነገረችን?»

«ቤቷ ረጥቦ ነዋ!»

«እንደዚያ ያለችው እሷ ናት ወይስ እርስዎ?»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወረቀቶቹ ተነበቡ። የታችኛዋ ወረቀት እንደሚለው ውሃው የወረደው የአባቷ አርባ በወጣበት ሳምንት ነው፤ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ። የላይኛዋ ጎረቤት አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብላ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላለቻትም። የላይኛዋ ወረቀት ደግሞ የሌሊት ተረኛ መሆኗን፣ ለቧንቧ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ከኪሷ መክፈሏን፣ የሰውየውንም መሞት ጨርሶ አለመስማቷን ይናገራል። የቀለሙ ዋጋ ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነበር። የሽማግሌው ፍርድ ቀለሙን ይመልሳል፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ደረጃው ላይ ሲገናኙ ፊት መዟዟራቸው አይቀርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰውን ማስታረቅ አስተምራለሁ ብሎ መነሳት ሲሰሙት «ለቀባሪው አረዱት» ዓይነት ነገር ይመስላል። ሽምግልና ያላየ መንደር የለም። ወሎ አባጋሩን፣ ጉራጌ የጆካን ሸንጎ፣ ሲዳማ አፊኒውን፣ ኦሮሞ ጃርሱማውን፣ ሶማሌ ሄሩን፣ አፋር መዳኣውን የዕርቅ ሥርዓቱ አድርጎ ኖሯል። ታዲያ የዕድር ዳኛ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ጡረታ የወጣ መምህርና የወረዳ ሠራተኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው አምስት ቀን ሙሉ ምን ይማራሉ? ያየሁት መልስ ካሰብኩት የተለየ ነው። በአመዛኙ የሚማሩት ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር መግታትን፣ ማለትም ቶሎ አለመፍረድን፣ አለመምከርን፣ አለማቋረጥን ነው። ለተከበረ ሰው ከዚህ የከበደ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ የተከበረውኮ ሲናገር ስለሚደመጥ ነው።

ሕጋችን ለዕርቅ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጉዳዩ ወደ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሄድ፣ ፍቺውንም እነሱ እንዲወስኑ አድርጎ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የመፍረዱን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ሽማግሌን ግን ጨርሶ አላስወጣም። ዳኛው ተጋቢዎቹን «ራሳችሁ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሞክሩት» ሊላቸው ይችላል። ያ ካልሆነ ደግሞ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ተከራካሪዎች በመሐል ከታረቁ ስምምነታቸውን መዝገብ ላይ አስፍረው እንደ ፍርድ እንዲያስፈጽሙት ፈቅዷል።

ሥልጠናውን አስቸኳይ ያደረጉት በ2013 የወጡት ሕጎች ናቸው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን አሠራር አስገባ። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አካሄድ ለብቻው ደነገገ። ኦሮሚያ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጠ። ሕግ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ብዙ አስማሚ ያስፈልጋል፤ አስማሚ ግን እንደ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ አይወጣም።

የፍርድ ቤቱ አሠራር ሲታይ ቀላል ነው። መዝገቡ በስምምነት ሊያልቅ የሚችል ከሆነ ባለጉዳዮቹ ወደ አስማሚው ይመራሉ። አስማሚው ዙሪያውን የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አለው፤ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። ከተስማሙ ጽሑፉ ወደ ዳኛው ይመለስና ይጸድቃል። ካልተስማሙ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል፤ በዕርቁ ክፍል ውስጥ የተባለው ግን እዚያው ይቀራል፣ በችሎት ማስረጃ ሆኖ አይመዘዝም። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ነው። «እርግጥ ነው፣ ትንሽ አጥፍቻለሁ» ያለ ሰው በማግስቱ ቃሉ ተጠቅሶ የሚፈረድበት ከሆነ አፉን የሚከፍት አይገኝም።

የሽማግሌው የአራት ደቂቃ ፍርድ ችግሩ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ሰፈር ውስጥ ቢሆን ሁለቱ ሴቶች በይሉኝታ «እሺ» ይላሉ። ጋሼን እምቢ ማለት ነውር ነዋ! በይሉኝታ የተሰጠ «እሺ» ሰፈር ውስጥ ጥቂት ይቆያል፤ የሽማግሌው ዓይን ይጠብቀዋል። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ግን ባለጉዳዮቹ አስማሚውን ከዚያ ቀን በኋላ አያገኙትም። ልባቸው ያልተቀበለውን ስምምነት ፈርመው ይወጡና ወር ሳይሞላ በአፈጻጸም መዝገብ ይመለሳሉ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የሚሠራ አንድ ልምምድ አለ። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ያናደደውን ነገር ለሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው የሰማውን መልሶ ይነግረዋል። ተናጋሪው «አዎ፣ እንደሱ ነው» እስኪል ድረስ ሥራው አላለቀም። ሲሰሙት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ጡረታ የወጡት መምህር በመጀመሪያው ሙከራ የሰሙትን አሳጥረው፣ ስህተቱን አርመው፣ በመጨረሻም ምክር ጨምረው መለሱለት። በሁለተኛውም እንደዚያው። ከሁሉ ቀድሞ የተሳካላቸው አንድ ቄስ ነበሩ። አሠልጣኟ ምስጢሩን ስትጠይቃቸው «ሰው ንስሐውን ሲናገር አቋርጬ አላውቅማ» አሏት። ከዚያ ያዘጋጀችውን ስላይድ ዘልላ በሳቸው ንግግር ላይ ግማሽ ሰዓት አስተማረች፤ ከሳምንቱ ሁሉ ምርጡ ሰዓት እሱ ነበር ብል አላጋንንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስድብን ወደ ጥያቄ መመለስ ነው። የዕድር ገንዘብ ጸብ ተሰጣቸው። ከሳሿ ተነስታ «ይቺ ሌባ!» አለች። ልምድ የሌለው አስታራቂ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ስድብ አይፈቀድም» ብሎ ይቆጣል፣ ወይ እንዳልሰማ ያልፋል። የሚፈለገው ሦስተኛው ነው፦ «የተዋጣው ገንዘብ የት የት እንደዋለ በደረሰኝ ማየት ትፈልጊያለሽ፤ እንደዚያ ነው?» ስድቡ ውስጥ ያለው ጥያቄ ወጣ፤ ሌላዋም ልትመልሰው የምትችለው ነገር ሆነ። ሴትዮዋ ለአፍታ ቆም ብላ «አዎ» አለች፤ ቀጠል አድርጋም «በደረሰኝ!» ብላ ጠረጴዛውን መታች።

የዚህ ሁሉ ሐሳብ ሥር ረጅም ነው። ሜሪ ፓርከር ፎሌት የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስለ ግጭት ስታስተምር የራሷን ገጠመኝ ትጠቅስ ነበር። በሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዱ ሰው መስኮቱ ይከፈት አለ፤ እሷ ይዘጋ አለች። የከፈቱት ሰው ያልተቀመጠበትን የሚቀጥለውን ክፍል መስኮት ነው። እሷ የጠላችው የሰሜኑ ነፋስ በቀጥታ እንዲመታት እንጂ አየር እንዲገባ አልነበረም፤ ሰውየውም የፈለገው አየር እንጂ ያንኑ መስኮት አልነበረም። ሮጀር ፊሸርና ዊሊያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ለዓለም አዳረሱት፤ ሰው «እፈልጋለሁ» ብሎ የቆመበት አንድ ነገር ነው፣ እዚያ ያቆመው ምክንያት ሌላ። መጽሐፉ ከሚያነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የካምፕ ዴቪድ ድርድር ነው። ግብፅ ሲናይን በሙሉ መልሱልኝ አለች፤ እስራኤል ከፊሉን አልለቅም አለች። ግብፅን ያቆማት የሉዓላዊነት፣ እስራኤልን ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ መሆኑ ሲታወቅ መሬቱ ለግብፅ ተመለሰ፤ ሰፊው ክፍል ግን ታንክ የማይገባበት ሆነ። ካርታው ላይ መስመር ወዲያና ወዲህ በመግፋት ቢሆን ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ሽማግሌዎቹ አሠልጣኟን አስተማሯት። ባለጉዳዮችን ለየብቻ ማነጋገር በሥልጠናው መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ለእነሱ አዲስ አይደለም፤ የሚያስታርቅ ሰው በሁለት ቤት መካከል ሲመላለስ ጫማው ማለቁ የታወቀ ነው። ማንን መጀመሪያ ማነጋገር እንደሚሻል፣ የየትኛውን ቤት ቡና ቀድሞ መጠጣት ሌላውን እንደሚያስቀይም ያውቃሉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው። ልምምዱ ላይ ሼሁ የላይኛዋን ጎረቤት ለብቻ አነጋግረው ሲመለሱ፣ በቅን ልቦና «አይዞሽ፣ እሷም እኮ ጥፋቷን አምናለች» አሏት የታችኛዋን። የላይኛዋ ግን ይህን እንዲናገሩላት አልፈቀደችም። አሠልጣኟ እጇን አነሳች። «ሼህዬ፣ ይህን እንዲነግሯት ተፈቅዶልዎ ነበር?» ሼሁ ዝም አሉ። «አልጠየቅኳትም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያ ለየብቻ የተነጋገሩ ሁሉ ከመውጣታቸው በፊት «ከነገርሽኝ የትኛውን ልንገርልሽ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ሦስተኛው ቀን ደስ አይልም። የዕለቱ ርዕስ መታረቅ የሌለበት ጉዳይ ነው።

የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ተነስታ ስትናገር ድምፅዋን አልጨመረችም። «ሦስት ጊዜ በሽማግሌ ወደ ባሏ የተመለሰች፣ በአራተኛው ሆስፒታል የገባች ሴት አውቃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያስታረቋት ክፉ ሰዎች አልነበሩም።» አንድ አዛውንት «ታዲያ ትዳር ይፍረስ ነው የምትሉት?» አሉ። ሌሎች ሁለት አጉረመረሙ። አሠልጣኟ ይህን ክርክር ለማለሳለስ አልሞከረችም፤ ትክክል አድርጋለች። የሕጋችን ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ዕርቅና ሠርግ ወንጀልን ይሸፍኑ ነበር ማለት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አንቀጽ እስካስወገደበት ጊዜ ድረስ ስንቷ ልጅ በሽማግሌ ፊት «እሺ» እንዳለች ማሰብ ይከብዳል።

ስለዚህ ሠልጣኞቹ ከማስታረቅ በፊት መጠየቅን ይማራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ከማስቀመጥ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ፣ ሰው በማይሰማበት ቦታ። «እሱ ባለበት የልብሽን መናገር ትችያለሽ?» «ወደ ቤት ስትመለሱ ምን ይፈጠራል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» መልሱ ፍርሃት ከሆነ ጠረጴዛው አይዘረጋም፤ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አስታራቂው ሁለቱን ወገኖች እኩል ማየቱ ብቻ እኩል አያደርጋቸውም። እጁን የሚያነሳና እጅ የሚነሳባት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ የሷ ዝምታ ስምምነት ተብሎ ይጻፋል። አዛውንቱ አሳምነውኛል አላሉም። በሻይ ሰዓት ግን ከሠራተኛዋ አጠገብ ተቀምጠው ረጅም ሲነጋገሩ አይቻለሁ።

ሥልጠና የማይሰጠው ነገርም አለ። መስከረም 2011 በቡራዩና አካባቢዋ ሰዎች ተገደሉ፤ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ወጣቶቹ ቆሙ። ያን ቀን ምክንያት የደረደረ፣ ፍላጎትን ከአቋም የለየ፣ የሰማውን መልሶ የተናገረ የለም። ሣሩን መርገጥ በጋሞ ዘንድ ጎሜ፣ ማለትም መዘዝ የሚያመጣ ክልክል ነገር ነው፤ ጎሜውም በረገጠው ብቻ አያበቃም። ወጣቶቹ ይህን ያወቁት በዚያች ደቂቃ አይደለም። ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ላይ ጉዳይ እንዴት እንደሚታይ፣ ማን መቼ እንደሚናገር፣ ሣር ሲወርድ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ ከዳር ሆነው እያዩ አድገዋል። ይህ የአምስት ቀን ወርክሾፕ የማይተካው፣ የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሰው በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን እያለፈ የሚማረውም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ ያሰፈረው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጋራ ዱቡሻ የለም። ሦስተኛ ፎቅና ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች የተለያየ ቦታ ያደጉ፣ የሚፈሩት ነገር የማይገናኝ፣ የሚያከብሩት ሽማግሌም አንድ ያልሆነ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎችም እንደዚሁ። ላይፍ ኤንድ ፒስ የተባለው የስዊድን ተቋም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ያስገባው ዘዴ መነሻው ሃሮልድ ሳንደርስ ነው፤ በካምፕ ዴቪድ ድርድር የነበረ፣ በኋላም በታጂኪስታን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ባላንጣዎችን ለዓመታት ያነጋገረ የአሜሪካ ዲፕሎማት። ዘዴው የተለያየ ብሔርና እምነት ያላቸውን ጥቂት ተማሪዎች ያንኑ ቡድን ሳይለቁ ደጋግሞ ማገናኘት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች በይሉኝታ ያልፋሉ፤ እውነቱ የሚወጣው ሰው ሲለመድ ነው። ፍጥነት የለውም፤ ለጋሾች የማይወዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እናውራ። በአገራችን የሥልጠና ነገር ሲነሳ አበል የማይነሳበት የለም። ደካማ ሥልጠና በሆቴል ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ቀን «የግጭት ምንነት፣ ዓይነትና መንስኤ» በሚል ፓወር ፖይንት ያልቃል፤ በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ታድሎ ፎቶ ይነሳል። ሠልጣኙ አንድም ጊዜ ሰው ፊት ተቀምጦ አላስታረቀም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለጀማሪ አስታራቂ የተለመደው 40 ሰዓት ነው፤ ልምምድም አለበት። ሩዋንዳ ሌላ መንገድ ይዛለች። አቡንዚ የሚባሉት የመንደር አስታራቂዎች በሕዝብ የሚመረጡ፣ ደመወዝ የሌላቸው ናቸው፤ ቢያንስ 30 በመቶው ሴቶች መሆን አለባቸው፤ ትምህርታቸውም ጉዳይ እያዩ የሚቀጥል ነው። ከኛዎቹ ሸንጎዎች ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወንድ የሆኑባቸው ስንት እንደሆኑ አንባቢ ራሱ ያውቃል።

እኔ ብጠየቅ የሆቴሉን ወጪ ቀንሼ ገንዘቡን ከሥልጠናው በኋላ ወዳሉት ወራት አዛውረዋለሁ። አዲሱ አስታራቂ ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ጉዳይ ይይ፤ ቀጥሎ እሱ ይምራ፣ ነባሩ ከጎን ይይ፤ ሲያልቅ ሁለቱ ሻይ ይጠጡና «እዚያ ጋ ለምን አቋረጥካት?» ይባባሉ። አሠልጣኟም ይህን እንደምትፈልግ፣ በጀቱ ግን በሰርተፍኬቱ ቀን እንደሚያልቅ ነገረችኝ።

በመጨረሻው ቀን ስምምነት መጻፍ ተማሩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «የላይኛዋ ጎረቤት ቧንቧውን በተቻለ ፍጥነት ታስጠግናለች» ይላል። አሠልጣኟ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ጻፈችና «በተቻለ ፍጥነት» የሚለውን በቀይ ከበበችው። «የሷ ፍጥነትና የጎረቤቷ ፍጥነት አንድ ነው?» ተሰረዘ። ቀን ገባ፣ የሠራተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ገባ፣ ውሃው ዳግም ቢወርድ ማን ለማን እንደሚደውል ገባ። የታችኛዋ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመርልኝ አለች፦ የላይኛዋ እሑድ ቤቷ መጥታ ለቅሶ ትድረሳት። «ይሄ በውል ይጻፋል እንዴ?» አለ ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ የፍርድ ቤት ሠራተኛ። «ዳኛው አያጸድቀውም።»

የመጀመሪያው ቀን ፈራጅ፣ የዕድር ዳኛው፣ እጃቸውን አወጡ። «ዳኛው ባያጸድቀውስ? እሷ የፈለገችው እሱን ነው። ይልቅ እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ተስማምተው፣ እኔ ግን ስምምነቱ ለአንዷ በደል መስሎ ከታየኝ ምን አደርጋለሁ? ዝም በሉ ብላችሁ አስተማራችሁኝ፤ እዚያም ላይ ዝም ልበል?»

አሠልጣኟ ጥያቄውን ለአዳራሹ መለሰችው። ቄሱ «ይጠይቋታል እንጂ አይፍረዱላትም» አሉ፤ ሼሁ «ለብቻዋ» ብለው ጨመሩ። የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛዋ አልተስማማችም፤ አንዳንድ ስምምነት ላይ አስታራቂው አልፈርምም ብሎ መነሳት አለበት ባይ ናት። አዛውንቱ ደግሞ ሽማግሌ ከተነሳ ማን ይቀመጣል ብለው ተከራከሩ። ምሳ ደርሷል እያለ የሚጠራቸውን ልጅ የሰማው አልነበረም።